መልቀቅን የሚያውቅ ማግኔት

ዊልያም ስተርጅን እንጀራው ጫማ መስፋት ነበር። በ1783 በሰሜን እንግሊዝ ተወለደ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ገና በልጅነቱ ለአንድ ጫማ ሠሪ ተሰጠ። ኑሮው አልጥም ቢለው ሠራዊት ገባ፤ በመድፈኛነትም ዓመታት አሳለፈ። ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ያጠናው ወታደር ሳለ፣ ከግዳጅ በተረፈችው ሰዓት፣ ብቻውን ነው። ከሠራዊቱ ሲሰናበት በለንደን አጠገብ ዉሊች በተባለው ሰፈር ተመልሶ ጫማ ቤት ከፈተ። ዛሬ በየፋብሪካው፣ በየወፍጮ ቤቱና በየውኃ ጉድጓዱ ሞተር የሚያስነሣውና የሚያቆመው ኮንታክተር ታሪኩ ከዚህ ሰው ይጀምራል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

መንገዱን የጠረገለት ኮፐንሃገን ላይ የታየ ነገር ነው። በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኧርስተድ የተባለ የዴንማርክ ፕሮፌሰር ኮረንት የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ሲያዞረው አየ። ወሬው በወራት ውስጥ አውሮፓን አዳረሰ። በዚያው ዓመት ፓሪስ ላይ ፍራንሷ አራጎ በተጠመጠመ ሽቦ መካከል ብረት ከትቶ ብረቱን ማግኔት አደረገው። ስተርጅን ደግሞ በ1825 ለንደን ወደሚገኘው የኪነ ጥበባት ማኅበር አንድ ዕቃ ይዞ ቀረበ። የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያለው ብረት ነው፤ ቫርኒሽ ተቀብቷል፤ በላዩ ላይ ራቁት የመዳብ ሽቦ ተራርቆ ተጠምጥሞበታል። ሽቦው ከባትሪ ሲገናኝ፣ 200 ግራም ያህል የምትመዝነው ይህች ብረት 4 ኪሎ ገደማ አነሣች።

ሰው የተደነቀው በማንሣቷ ነው። እኔን የሚደንቀኝ መጣሏ ነው። ስተርጅን የመረጠው ለስላሳ ብረት ስለነበር ሽቦው ከባትሪው ሲላቀቅ ማግኔትነቱ ወዲያው ጠፋ፤ ሸክሙም ወደቀ። አረብ ብረት ቢሆን ኖሮ አንዴ ማግኔት ከሆነ ያንኑ ይዞ ይቀር ነበር። ከጥንት ጀምሮ የሰው ልጅ የሚያውቀው ማግኔት የያዘውን አይለቅም ነበር። በትእዛዝ የሚይዝና በትእዛዝ የሚለቅ ማግኔት የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ስተርጅን ከዚህ ሥራው ሀብት አላፈራም፤ በ1850 ማንቸስተር አጠገብ በድህነት ሞተ።

ነገሩን አንድ እርምጃ ያራመደው አሜሪካዊ መምህር ነው። ጆሴፍ ሄንሪ በኒው ዮርክ ግዛት፣ አልባኒ ከተማ ያስተምር ነበር። ስተርጅን የቀባው ብረቱን ነው፤ ሄንሪ ግን ሽቦውን ራሱን በሐር አለበሰው። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ የማያስፈራ ከሆነ ደግሞ አጠጋግቶ፣ በንብርብር ላይ ንብርብር መጠምጠም ይቻላል። ጥቅሉ በበዛ ቁጥር ጉልበቱ ይጨምራል። በ1831 ለየል ኮሌጅ የሠራው ማግኔት ከ900 ኪሎ በላይ አንሥቷል። ዛሬ የኮንታክተር ኮይል፣ ማለትም ጥቅል ሽቦው፣ ሲፈታ የሚታየው ፀጉር የመሰለ፣ በቫርኒሽ የተሸፈነ ሽቦ የሄንሪ ሐሳብ ነው።

በ1832 ወደ ፕሪንስተን ከሄደ በኋላ ለተማሪዎቹ የሚያሳየው አንድ ትርኢት ነበረው። ትልቁ ማግኔት በብዙ መቶ ፓውንድ የሚቆጠር ክብደት አንጠልጥሎ ይይዛል። ሄንሪ ራቅ ካለ ቦታ፣ በረጅም ሽቦ በኩል፣ ደካማ ኮረንት ወደ አንዲት ትንሽ ማግኔት ይልካል። ትንሿ ማግኔት በሜርኩሪ የተነከረችውን የትልቁን ማግኔት ሽቦ ብድግ ታደርጋታለች። ያ ሁሉ ክብደት ያን ጊዜ ወለሉ ላይ ይንኮታኮታል። ተማሪዎቹ ይደነግጣሉ፤ መምህሩ ይስቃል ብዬ እገምታለሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ የታየው ነገር ግን ከትርኢት ያለፈ ነበር፤ ትንሽ ኮረንት ትልቅ ኮረንትን ከሩቅ አዘዘው። ኮንታክተር ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም፤ መጠኑና አሠራሩ ብቻ ተሻሻለ።

ሐሳቡ መጀመሪያ ሥራ ያገኘው ሞተር ላይ ሳይሆን በቴሌግራፍ ነው። በ1844 ሳሙኤል ሞርስ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል መልእክት ሲያስተላልፍ፣ በመንገድ ብዛት የደከመውን ምልክት እንደገና የሚያበረታው ሪሌይ ነበር። ሪሌይ ግን የሚነካው በጣም ቀጭን ኮረንት ስለሆነ የሚያሰጋው ነገር አልነበረም። ሥጋቱ የመጣው ኤሌክትሪክ ከወሬ ማድረሻነት አልፎ ጉልበት ሲሆን ነው።

መስከረም 4 ቀን 1882 የቶማስ ኤዲሰን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ጣቢያ ኒው ዮርክ፣ ፐርል ጎዳና ላይ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት መብራትም ሞተርም የሚያዘው ቢላ በሚመስል ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። በእብነ በረድ ወይም በጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ላይ የተሰካ ራቁት የመዳብ ምላጭ ነው፤ ሠራተኛው እጀታውን ይዞ ሲጫነው ሁለት የመዳብ ከንፈሮች መካከል ይገባል። ማስገባቱ ቀላል ነው። መከራው ማውጣቱ ላይ ነው።

ኮረንት የሚያልፍባቸው ሁለት ብረቶች ሲለያዩ በድንገት አይለያዩም። መጨረሻ ላይ የሚነካኩት በጣም ጠባብ በሆነ ነጥብ ነው፤ ያን ሁሉ ኮረንት የምትሸከመው ያቺ ነጥብ ትግላለች፣ ትቀልጣለች፣ ወደ ተንነት ትለወጣለች። በመካከል ያለው አየር ራሱ ኮረንት አስተላላፊ ይሆንና በብዙ ሺህ ዲግሪ የሚነድ የእሳት ቅስት ይዘረጋል። ባለሙያዎች አርክ የሚሉት ይህን ነው። ሃምፍሪ ዴቪ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ለንደን ላይ ለብርሃንነቱ ሲያሳየው ሕዝብ አጨብጭቦለት ነበር። ሞተር በሚያቆም ሠራተኛ እጅ አጠገብ ሲፈጠር ግን ፊት ያቃጥላል፣ ዐይን ያጠፋል፣ መዳቡን ይበላል። የዚያ ዘመን ኤሌክትሪሽያን ቢላውን በፍጥነት መንቀል ነበረበት፤ የፈራና የዘገየ ሰው አርኩን ያስረዝመዋል።

ሞተሩም የራሱ ጠባይ ነበረው። በዲሲ (አቅጣጫው በማይለዋወጥ ኮረንት) የሚሠራ ሞተር እየዞረ ሳለ ራሱ ቮልቴጅ ያመነጫል፤ ያም ከውጭ የሚመጣውን ቮልቴጅ ይቃወምና ኮረንቱን ይገድበዋል። ቆሞ ሳለ ግን የሚቃወም ነገር የለም። የውስጡ ሬዚስታንስ 0.4 ኦም የሆነን ሞተር 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ብናስረው በመጀመሪያው ቅጽበት 550 አምፔር ይስባል፤ ሲሠራ ውሎ የሚያስፈልገው ግን ምናልባት 40 ወይም 50 ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ሬዚስታንስ አስገብቶ፣ ሞተሩ እየፈጠነ ሲሄድ ደረጃ በደረጃ ማውጣት ግድ ሆነ። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የሰው እጅ ነበር፤ እጅ ደግሞ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይረሳል።

በ1890ዎቹ የተስፋፋው የማስነሻ ሳጥን ለዚህ ችግር ግማሽ መፍትሔ አመጣ። ሠራተኛው በስፕሪንግ ወደ ኋላ የምትጎተት እጀታ ይዞ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ቀስ እያለ ያሻግራል። መጨረሻው ነጥብ ላይ ሲደርስ ትንሽ ኤሌክትሮማግኔት እጀታዋን ይዞ ያቆማታል፤ ሰውየውም እጁን ያነሣል። ኃይል ከተቋረጠ ማግኔቱ ይለቃል፣ ስፕሪንጉ እጀታዋን ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመልሳታል። ኃይል ሲመለስ ሞተሩ እንደቆመ ይጠብቃል። በብዙዎቹ ላይ ያ ማግኔት የተገጠመው ከሞተሩ የፊልድ ጥቅል (ማግኔታዊ መስኩን ከሚፈጥረው ሽቦ) ጋር በተከታታይ ነበር፤ የፊልዱ ሽቦ ቢበጠስ ሞተሩ ከልክ በላይ እየፈጠነ ራሱን ከመበታተኑ በፊት ማግኔቱ ይለቀው ነበር። በ1893 ሃሪ ከትለርና ኤድዋርድ ሃመር ቺካጎ ላይ የመሠረቱት፣ በኋላ ሚልዎኪ የከተመው ኩባንያ የከበረው በእንዲህ ያሉ ሳጥኖች ነው።

ልብ ማለት የሚገባው፣ እዚህ ደረጃ ላይ ማግኔቱ የሚይዝና የሚለቅ ብቻ መሆኑ ነው። ግፊቱን አሁንም የሚሠራው ሰው ነው። ማግኔቱ ራሱ ገፍቶ እንዲያገናኝ ያስገደደው ባቡር ነበር።

ፍራንክ ስፕሬግ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረ፣ ጥቂት ጊዜም ከኤዲሰን ጋር የሠራ መሐንዲስ ነው። በ1888 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሪችመንድ ከተማ ላይ የኤሌክትሪክ ትራም ዘርግቶ ስሙን አስጠራ። ቀጥሎ ወደ ሊፍት ሥራ ገባ። ሊፍት ላይ አንድ ነገር ተማረ፦ ሰውየው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ትንሽ እጀታ ቢነካ፣ ዋናው ሞተር ያለበት ቦታ የሚገኘው ከባድ መሣሪያ በሌላ ኃይል ሊዞር ይችላል። ታዲያ አንድ ሰው ብዙ ሊፍቶችን ከአንድ ቦታ ማዘዝ ከቻለ፣ አንድ ሾፌር ብዙ ፉርጎዎችን ለምን አያዝም?

ጥያቄው ቀላል አልነበረም። የዚያን ጊዜ የከተማ ባቡር አንድ ሎኮሞቲቭ ብዙ ፉርጎ እየጎተተ የሚሄድ ነው። በእያንዳንዱ ፉርጎ ላይ ሞተር ቢገጠም ባቡሩ ፈጣንና ቀላል ይሆን ነበር፤ ነገር ግን የሞተሮቹ ኮረንት ሁሉ ሾፌሩ ፊት ባለች አንዲት መቆጣጠሪያ ውስጥ ማለፍ አይችልም። ስፕሬግ የሞተሮቹ ኮረንት እዚያው በየፉርጎው እንዲቀር አደረገ። በባቡሩ ርዝመት የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ትንሽ ኮረንት። የቺካጎ ሳውዝ ሳይድ ባቡር ኩባንያ በ1897 ሥራውን ሲሰጠው የ100,000 ዶላር ዋስትና አስያዘው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ስኬነክተዲ ከተማ ላይ ፉርጎዎች አዘጋጅቶ ለባቡሩ ኩባንያ ሰዎች አሳየ። መቆጣጠሪያውን ይዞ ባቡሩን የነዳው የ10 ዓመት ልጁ ነበር። ይህ እንደ ጨዋታ ይታይ ይሆናል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ሊቀርብ ይችል ነበር ብዬ አላስብም። ከባድ ሞተሮችን ለማዘዝ ጡንቻም ድፍረትም እንደማያስፈልግ አንድ ሕፃን አረጋገጠ።

ስፕሬግ በየፉርጎው ያለውን ከበሮ መሰል መቆጣጠሪያ ያዞረው በትንሽ ሞተር ነው። የተከተሉት ግን ሁለት መንገድ ያዙ። የዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በተጨመቀ አየር የሚገፉ መገናኛዎችን መረጠ። ጀነራል ኤሌክትሪክ ደግሞ የሚዞረውን ከበሮ ትቶ ለእያንዳንዱ መገናኛ የራሱን ኤሌክትሮማግኔት ሰጠው። ኮንታክተር ራሱን የቻለ ዕቃ ሆኖ የወጣው እዚህ ላይ ነው፦ አንድ ጥቅል ሽቦ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ብረት፣ አንድ ተንቀሳቃሽ ብረት፣ በተንቀሳቃሹ ላይ የተያያዘ መገናኛ፣ ወደ ኋላ የሚመልስ ስፕሪንግ።

አርኩ ግን ቢላውን ትቶ ወደ ሳጥኑ ገባ እንጂ አልጠፋም። መድኃኒቱን ያገኘው ኤሊሁ ቶምሰን ነው። ቶምሰን እንግሊዝ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ፊላደልፊያ የሄደ፣ መምህርም ፈልሳፊም የነበረ ሰው ነው። አርክ ኮረንት ነው፤ ኮረንት ደግሞ በማግኔት አጠገብ ሲያልፍ ይገፋል፤ ሞተርም የሚዞረው በዚሁ ሕግ ነው። እንግዲያው በመገናኛው አጠገብ ያንኑ ኮረንት የሚሸከም ጥቅል ቢቀመጥ፣ አርኩ ወደ ላይ ተገፍቶ፣ ተለጥጦ፣ ቀዝቅዞ ይበጠሳል። የዚህ ዘዴ ውበቱ ኮረንቱ በበረታ ቁጥር የሚገፋውም ኃይል አብሮ መበርታቱ ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የትራም መቆጣጠሪያዎች፣ በኋላም የዲሲ ኮንታክተሮች ሁሉ ይህን ይዘው ወጡ።

የሃያኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት የብረት ፋብሪካ ዘመን ነው። ክሬኑ፣ ብረት የሚዳምጠው ማሽን፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በደቂቃ ብዙ ጊዜ የሚመላለሰው ሞተር የሰው እጅ ሊከተለው ከሚችለው በላይ ሆነ። የማግኔት መቆጣጠሪያ ፋብሪካውን የወረሰው ያኔ ነው። ከእርሱ ጋር ሁለት ቁልፎች መጡ፣ ስታርትና ስቶፕ።

የሁለቱን ቁልፎች አሠራር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብልኃቱ ያለው እዚያ ነው። የስታርት ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ ያገናኛል፤ ጣት ሲነሣ ይለያያል። ታዲያ ሞተሩ ለምን አይቆምም? ኮንታክተሩ ከሦስቱ ዋና መገናኛዎች ሌላ አንዲት ትንሽ ረዳት መገናኛ አለችው፤ ዛሬ በሚሸጡት ላይ 13 እና 14 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ናት። ኮይሉ ብረቱን ሲስብ እርሷም አብራ ትገናኛለች፤ ሽቦዋ የታሰረው ከስታርት ቁልፉ ጎን ለጎን ስለሆነ ጣት ቢነሣም ኮይሉ ኮረንት የሚያገኘው በእርሷ በኩል ነው። ኮንታክተሩ ራሱን በራሱ ይይዛል። የስቶፕ ቁልፍ በተቃራኒው ሁልጊዜ የተገናኘ ነው፤ ሲጫኑት መንገዱን ይቆርጣል፣ ኮይሉ ይሞታል፣ ስፕሪንጉ ይገፋል፣ ሁሉም ይላቀቃል። መብራት ቢጠፋም የሚሆነው ይኸው ነው። መብራት ሲመለስ ረዳቷ መገናኛ ተለያይታ ስለምትገኝ ሞተሩ ማንም ሳያዘው አይነሣም። መጋዝ ላይ እጁን አስገብቶ የሚያጸዳ ሰው ሕይወቱ የተንጠለጠለው በዚህች ትንሽ መገናኛ ላይ ነው። ለቁጥጥር ተብሎ የተሠራ ነገር ሰው ያድናል ብሎ መጀመሪያ ያሰበ ስንት ሰው እንደነበረ እንጃ፤ የኮንታክተር ትልቁ ውለታ ግን ይህ ይመስለኛል።

በዚህ መካከል ኤሌክትሪኩ ራሱ እየተለወጠ ነበር። በ1888 ኒኮላ ቴስላ አሜሪካ፣ ጋሊልዮ ፌራሪስ ቱሪን ላይ የሚዞር ማግኔታዊ መስክ አሳዩ። በ1889 ሚኻይል ዶሊቮ ዶብሮቮልስኪ በጀርመኑ ኤኢጂ ኩባንያ የሦስት ፌዝ ሞተር ሠራ። ብሩሽ የለውም፤ የሚበላሽ ነገር የለውም ማለት ይቀላል። በ1891 ከላውፈን እስከ ፍራንክፈርት 175 ኪሎ ሜትር የሦስት ፌዝ ኃይል ሲላክ በዲሲና በኤሲ መካከል የነበረው ክርክር መደምደሚያው ታወቀ። ፋብሪካው ወደ ኤሲ፣ አቅጣጫው ወደሚመላለሰው ኮረንት፣ ዞረ፤ ኮንታክተሩም መከተል ነበረበት።

እዚህ ላይ እኔ እጅግ የምወደው የታሪኩ ክፍል ይመጣል። የ50 ሳይክል ኤሲ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮ ይሆናል። ለመገናኛዎቹ ይህ በረከት ነው፤ አርኩ በየዜሮው ለቅጽበት ይሞታልና፣ እንደገና እንዳይነሣ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ለኮይሉ ግን ያው ዜሮ መቅሠፍት ነው። ኮረንቱ ዜሮ ሲሆን ማግኔቱም ይለቃል፤ ስፕሪንጉ ሊመልሰው ሲል ኮረንቱ ይመለሳል፤ ብረቱ በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። የመጀመሪያዎቹ የኤሲ ኮንታክተሮች ይጮኹ፣ ይደበደቡ፣ ቶሎ ያልቁ ነበር። የስተርጅን ማግኔት በፍጥነት የሚለቅ መሆኑ መልሶ ችግር ሆነ።

መፍትሔው ቀለበት ነው። በብረቱ ፊት ላይ ከፊሉን ቦታ የሚከብብ የመዳብ ቀለበት ተቀበረ። በቀለበቱ ውስጥ የሚያልፈው ማግኔታዊ ኃይል በቀለበቱ ላይ ኮረንት ይፈጥራል፤ ያም ኮረንት በተራው በቀለበቱ ስር ያለውን ማግኔታዊ ኃይል ያዘገየዋል። ስለዚህ አንዱ የብረቱ ክፍል ዜሮ ሲደርስ ሌላው ገና አልደረሰም። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይለቁም፤ ብረቱም ዝም ብሎ ይይዛል። በብረቱ ውስጥ በከንቱ የሚዞረውን ኮረንት ለመቀነስም ብረቱ በስስ ቅጠል ተነባብሮ መሠራት ጀመረ። ሌላ ደግሞ አለ፦ ኮሩ፣ ማለትም የማግኔቱ ብረት፣ ሲዘጋ የመካከለኛው እግር ፊቶች ጥቂት ክፍተት ይቀራቸዋል። የፋብሪካ ስሕተት የሚመስለው ይህ ክፍተት ሆን ተብሎ የተተወ ነው፤ ብረቱ የቀረች ማግኔትነት ይዛው እንዳይጣበቅ፣ ሲታዘዝ እንዲለቅ።

የኤሲ ኮይል አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ አገራችን ላይ ብዙ ኮይል የሚያቃጥለው እርሱ ነው። ኮሩ ክፍት ሳለ ኮይሉ ብዙ ኮረንት ይስባል፤ ኮሩ ሲዘጋ ኮረንቱ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። ቮልቴጁ አንሶ፣ ወይም የዱቄት ብናኝ ፊቱ ላይ ገብቶ ብረቱ እስከ መጨረሻው ካልተዘጋ፣ ኮይሉ የመነሻውን ኮረንት እንደሳበ ይቆይና ይቃጠላል። ዓለም አቀፉ የኮንታክተር ደረጃ ኮይሉ ከተጻፈበት ቮልቴጅ 85 በመቶ ላይ መሳብ አለበት የሚለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ከዚያ በታች ዋስትና የለም።

አርኩን በተመለከተ ዌስቲንግሃውስ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጆሴፍ ስሌፒያን በ1920ዎቹ መጨረሻ መልካም ነገር አመጣ። ስሌፒያን በትምህርቱ የሒሳብ ሰው ነው። አርኩን በአንድ ትልቅ ቦታ ከማስረዘም ይልቅ በተደረደሩ የብረት ሳህኖች መካከል አስገብቶ ወደ ብዙ ትናንሽ አርኮች መከፋፈል ይሻላል አለ፤ ዜሮው ሲመጣ እያንዳንዱ ትንሽ ክፍተት በቅጽበት የመቋቋም ኃይሉን ያገኛል። በትልልቅ ኮንታክተሮችና በብሬከሮች ውስጥ ዛሬ የሚታዩት የብረት ቅጠሎች ሥራቸው ይኸው ነው።

መገናኛው ራሱ ከመዳብ ወደ ብር ቅይጥ ተለወጠ። መዳብ ሲጠቁር ኮረንት አያስተላልፍም፤ ብር ግን ቢጠቁርም ያስተላልፋል። የጠቆረውን የብር መገናኛ በሸካራ ወረቀት እየፈተጉ "ማጽዳት" ዕድሜውን ከማሳጠር በቀር ጥቅም የለውም፤ ብዙ ጥሩ ባለሙያ ሲያደርገው አያለሁ፣ አይደረግ።

የኮንታክተሩ ጓደኛ ሞተሩን ከልክ ካለፈ ጭነት የሚጠብቀው ኦቨርሎድ ነው። ሥሩ ጥንታዊ ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ሰዓት ሠሪ ጆን ሃሪሰን የባሕር ሰዓቱ በሙቀትና በብርድ እንዳይዛባ ሁለት ዓይነት ብረት አጣብቆ ተጠቅሞ ነበር፤ ሲሞቅ አንዱ ከሌላው ይበልጥ ስለሚለጠጥ ይጎብጣል። ይኸው ጥንድ ብረት በሞተሩ ኮረንት እንዲሞቅ ተደርጎ፣ ሞተሩ ከልክ በላይ ሲጫን ጎብጦ የኮይሉን መንገድ፣ ማለትም 95ን ከ96 ጋር የምታገናኘዋን መገናኛ፣ ይቆርጣል። ዋናውን ኮረንት ራሱ አይነካም፤ ኮንታክተሩን እንዲለቅ ብቻ ያዘዋል። የሞተር መነሻ ኮረንት ለጥቂት ሰከንድ ከመደበኛው ከ5 እስከ 8 እጥፍ ስለሚደርስ ቸኩሎ የሚበጠስ ፊውዝ ለዚህ አይሆንም፤ ጥቂት መታገሥ የሚችል ጠባቂ ያስፈልግ ነበር።

ከዚህ በኋላ የመጣው ማሳነስና ማርከስ ነው፤ ቶሎ እንለፈው። ሚልዎኪ ላይ በ1903 በ1,000 ዶላር የተጀመረው የሊንድ ብራድሌይ ድርጅት በ1930ዎቹ አንድ ተንቀሳቃሽ አካል ብቻ ያለው ቀላል ማስነሻ አወጣ። ፓሪስ አጠገብ፣ ናንቴር ላይ በ1924 የተመሠረተው ቴሌሜካኒክ ኮንታክተርን ገጣሚው እንደ ፍላጎቱ በብረት ዘንግ ላይ የሚያሰባስበው ዕቃ አደረገው። ድርጅቱ በ1988 በሽናይደር እጅ ገባ፤ ስሙ ግን መርካቶ ውስጥ እስከ ዛሬ ይጠራል። ቀስ በቀስ ሸክላውና እብነ በረዱ በፕላስቲክ ተተካ፤ ኮንታክተሩም 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ባላት ሐዲድ ላይ ቀጭ የሚል ትንሽ ሳጥን ሆነ። ስፋቱ ሲያንስ የመሐንዲሱ ኃላፊነት ጨመረ። በሳጥኑ ጎን ኤሲ-1፣ ኤሲ-3፣ ኤሲ-4 የሚሉት ጽሑፎች የሚናገሩት ይህን ነው፤ ያው ኮንታክተር ለምድጃ ሲሆን ብዙ አምፔር ይሸከማል፣ ለሞተር ሲሆን ያነሰ፣ እየቆረጡና እያገላበጡ ለሚያሠሩት ሞተር ደግሞ እጅግ ያነሰ። ሻጩ የሚያነብልህ ትልቁን ቁጥር ነው።

እኛ ዘንድ ኤሌክትሪክ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በምኒልክ ቤተ መንግሥት ሲበራ፣ የቺካጎው ባቡር ገና መሞከሩ ነበር። ኮንታክተርን ብዙ ሰው ያወቀው ግን በወፍጮ ቤት ነው። የእህል ወፍጮ ሞተር ከባድ ስለሆነ በስታር ዴልታ ይነሣል። ሦስት ኮንታክተሮች አሉ፦ አንዱ ዋናው፣ አንዱ የስታሩ፣ አንዱ የዴልታው። ሞተሩ በስታር ሲነሣ ከመስመሩ የሚስበው ኮረንት ወደ ሲሶ ይወርዳል፤ ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ ስታሩ ይለቃል፣ ዴልታው ይይዛል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢይዙ ፌዝ ከፌዝ ይገናኛል፤ ስለዚህ የአንዱ ረዳት መገናኛ የሌላውን ኮይል መንገድ እንዲቆርጥ ተደርጎ ይታሰራል። ኮረንቱ ሲሶ ሲሆን ጉልበቱም ሲሶ ነው። የወፍጮ ባለሙያ ድንጋዩ ሙሉ ፍጥነት ሳይይዝ እህል የማይለቀው ለዚህ ነው፤ ማንም ቀመር ሳያስተምረው የደረሰበት እውነት ነው።

በ1968 ሪቻርድ ሞርሊና ባልደረቦቹ ማሳቹሴትስ ላይ ፒኤልሲ የተባለውን መቆጣጠሪያ ሲያስቡ፣ ግድግዳ የሚሞሉት ሪሌዎች ዘመን ማብቃት ጀመረ። ማሰቡን ኮምፒውተር ወሰደው። ሆኖም የኮምፒውተሩ ትእዛዝ የሚያበቃው እንደ ወትሮው ኮይል ላይ ነው። ከታይሪስተር፣ ማለትም ከሲሊኮን ማብሪያ ማጥፊያ፣ የተሠሩ ለስላሳ ማስነሻዎችና የፍጥነት መቆጣጠሪያዎችም በብዛት ገብተዋል፤ ነገር ግን ሲሊኮን ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ተገናኝቶ ይቀራል፤ ስለዚህ በእርግጠኝነት የሚለያይ፣ አየር በመካከሉ የሚያስገባ ነገር አሁንም ከፊቱ ይታሰራል።

ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ስትከለክል በሺህ የሚቆጠሩ ኮንታክተሮች በዚያው በኩል ገቡ፤ በኤሌክትሪክ መኪና ባትሪና በሞተሩ መካከል ያለው እርሱ ነው። መኪናው ሲነሣ ከወንበሩ ስር የሚሰማው ቀጭታ የእርሱ ድምፅ ነው። የሚቆርጠው ብዙ መቶ ቮልት ዲሲ ነው፤ ዜሮ የሌለው ኮረንት። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ወደ ቶምሰን ዘዴ ተመለሱ፦ አርኩን በማግኔት መግፋት፣ በተጨማሪም መገናኛዎቹን በታሸገ ጋዝ ውስጥ ማስቀመጥ። አደጋ ሲደርስ ኮይሉ ኮረንት ያጣል፣ ባትሪው ከመኪናው ይለያል።

እንግዲህ ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ኮንታክተር አልይዝ ሲል በእንጨት ወይም በተጣጠፈ ካርቶን ወጥሮ ማሠራት በየቦታው የሚታይ ልማድ ሆኗል። የተወጠረ ኮንታክተር ኦቨርሎዱ ቢጮኽ አይሰማም፤ ስቶፕ ቢጫን አይቆምም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ ብቻውን ይነሣል፣ እጅ ውስጥ ይሁን አይሁን። የተቃጠለውን ኮይል ቀይሩ፣ የተሰነጠቀውን ቀለበት እዩ፣ ቮልቴጁን ለኩ። እንጨቱን ግን ዛሬውኑ አውጡት።